አርብ አርብ የሚጠፋው ሊፍት

ኮማላ ነገሩን የሰማችው መታጠቢያ ቤት ሆና ነው። ውሃውን ዘግታ ፎጣ ስትፈልግ የአባቷ ድምፅ በስሱ ግድግዳ በኩል ገባ። አባቷ ማኒካም የሕንጻው ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው፤ በስልክ ሲያወራ ፔናንግ ደሴት ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ይፈልጋል። «ግድ የለም፣ ዛሬ ማታ እናሰናብተዋለን» አለ። «ወንድምህ ነው እንዳትሉኝ። ሊፍቱን አርብ አርብ አጥፍቶ ማብራት የሱ ፋንታ ነበር። አላደረገም፣ ሰው ተጎዳ፣ በቃ።» ከዚያ ሳቀ። ማዶ ያለው ሰው ምን እንዳለው አይታወቅም፤ የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረም።

ጸጉሯ እየተንጠባጠበ ሳሎን ስትደርስ ያ የሚሰናበተው ሰው ቆሞ ሸሚዝ ይተኩሳል። ካኒያፓን የአባቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ቺታፓ ትለዋለች። የሕንጻው ዘበኛ፣ ቧንቧ ጠጋኝ፣ አምፖል ቀያሪ፣ ድመት አባራሪ፣ ሁሉም እሱ ነው። የሚተኩሰው ሸሚዝ የራሱ አይደለም። የወንድሙ ነው፤ ነጩ፣ ማታ ለነዋሪዎቹ ስብሰባ የሚለበሰው። እሱን ራሱን ሲያባርሩት የሚለበሰውን ሸሚዝ፣ ኮሌታው ላይ ውሃ እየረጨ፣ እጅጌውን እየገለባበጠ፣ አንዲት መስመር እንዳትቀር ተጠንቅቆ ይተኩሳል። የስልኩን ወሬ ሰምቷል። ያችን ሁለት ክፍል ቤት የሚያውቅ አልሰማም ሊል አይችልም፤ ካኒያፓን የሚተኛባት ፍራሽ ራሷ ቀን ቀን ተጠቅልላ የምትቆመው ከአማልክቱ ሥዕል ሥር፣ ከስልኩ ቻርጀር ጎን ነው። አርብ ዕለት ለሂንዱዎቹ የታይፑሳም በዓል ስእለቱን ሲያደርስ የተላጨው ራሱ ያበራል። የተቀባው የሰንደል እንጨት ዱቄት ከጆሮው ኋላ ገና አልለቀቀም።

ቁርሱ ከምድር ቤቱ ሱቅ በላስቲክ ታስሮ የመጣ ቶሳይ ነበር። አንዱ የሩዝ ቂጣ ሁለት ሪንጊት ገብቷል፤ አባቷ ይህን ሁልጊዜ ጠዋት ሳያነሳ አይበላም፣ ዛሬም አነሳ።  ወንድማማቾቹ ከቅዳሜ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። አባቷ «ለአጎትሽ ስኳሩን አቀብይው» ይላል፤ አጎቷ «ለአባትሽ ሸሚዙ ደርሷል በይው» ይላል። ጠረጴዛው እንደሆነ የክንድ ስፋት የለውም። ኮማላ ስኳሩንም አላቀበለችም፣ መልእክቱንም አላደረሰችም፤ ሻይዋን ሳትጨርስ ብድግ አለች።  ያናደዳት አባቷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር።

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት የአሥራ ሰባተኛ ፎቋ ማዳም ኩ ከገበያ ተመለሱ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ቢያልፍም ዓሣቸውን ራሳቸው በእጃቸው ካላገላበጡ አይገዙም። ሊፍቱ ውስጥ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ፣ አሥረኛና አሥራ አንደኛ ፎቅ መሃል ሲደርስ ቀጥ አለ። መብራቱ አልጠፋም። የፎቁን ቁጥር የሚያሳየው ማያ አሥር ቁጥር እንደተጻፈበት ደርቆ ቀረ። የአደጋ ጊዜ መጥሪያው የሚሠራው በዚያው ማያውን በሚያሠራው ኮምፒውተር ስለሆነ እሱም ዝም አለ። የሕንጻው ሰው የቆመ ሊፍት ለምዷል፤ አልመጣ ሲለው በጎን ያለውን ሁለተኛውን እየጠራ መንገዱን ቀጠለ። አሮጊቷ በዚያ ሙቀት በር እየደበደቡ ረጅም ሰዓት ቆዩ። ሲያወጧቸው ወለሉ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፣ ዓሣውም ሸትቷል። ሆስፒታል ናቸው፤ ድጋሚ በእግራቸው ይሄዱ እንደሆነ ማንም አላወቀም። ዛሬ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ኮማላ ስትወጣ የቅዳሜው ሊፍት በቢጫ ላስቲክ ታጥሮ ነበር። ሁለተኛው ይሠራል፣ የሁለቱንም ሰው ብቻውን ይጭናል። በደረጃ ወረደች። የዓሣው ሽታ እስከ ምድር ቤት ተከተላት።

የሊፍቱን መቆጣጠሪያ የሠራው ኮማላ የምትሠራበት ድርጅት ነው። ባያን ሌፓስ በሚባለው ሰፈር ከፋብሪካዎቹ መሃል ነው ያለው፤ ለእንዲህ ዓይነቶቹ ርካሽ ሕንጻዎች ማያ ያለው፣ በአራት ቋንቋ የሚናገር የሊፍት ኮምፒውተር ይሠራል። ጉድለቱን ያገኘችው እሷ ናት፣ ዓመት አልፎታል። ፕሮግራም የሚባል ነገር ሁሉንም ራሱ አይሠራም። ላይብረሪ የሚሉት፣ ኮምፒውተሩን ከሚያስነሳው ስርዓተ ክወና ጋር ተዘጋጅቶ የሚመጣ የትንንሽ ተግባራት ስብስብ አለ፤ ከዚያ እየጠራ ያሠራቸዋል። ከእነሱ አንዷ ሥራዋ ቀላል ነው፤ ስምና ዋጋ ይሰጧታል፣ ትይዛለች። «ፎቅ፣ ዘጠኝ» ሲሏት ዘጠኝን ትይዛለች። ቀጥሎ «ፎቅ፣ አሥር» ሲሏት ግን ዘጠኝን ከኮምፒውተሩ ማስታወሻ፣ ከሚሞሪው፣ ላይ አታነሳም፤ አዲስ ቦታ ወስዳ አሥርን እዚያ ታስቀምጥና አሮጌውን ባለበት ትተወዋለች። ሻይ ባመጣ ቁጥር የቀደመውን ብርጭቆ የማያነሳ አስተናጋጅ ማለት ነው። ጠረጴዛው ይሞላል፣ በመጨረሻ አንዲት ብርጭቆ የሚቀመጥበት ጥግ ይጠፋል። ሊፍቱ ደግሞ ይህችን ተግባር በየፎቁ ይጠራታል። ሚሞሪው ሲሞላ ማያው ይደርቃል፣ ሊፍቱ ይቆማል። በሙያው ሰዎች ቋንቋ ሚሞሪ ያንጠባጥባል ይባላል።

ይህን ሁሉ ከነማስተካከያው ለአለቃዋ አቅርባ ነበር። «እንደ መሥፈርቱ ይሠራል» የሚል መልስ ተጽፎበት ተዘጋ። መሥፈርት የሚሉት እያንዳንዷ ተግባር ምን ማድረግ እንዳለባት የሚደነግግ ሰነድ ነው። ያን ሰሞን ነው እራት ላይ ለአጎቷ የነገረችው፤ በሳምንት አንዴ አጥፍተህ አብራው፣ ሚሞሪው ባዶ ሆኖ ይነሳል፣ ከማን እንደሰማህ ግን ለማንም አትንገር አለችው። ካኒያፓን አርብ ቀትርን መረጠ። በዚያ ሰዓት የሕንጻው ግማሽ ወንድ ለጁምዓ ሰላት መስጊድ ነው፣ የቀረው ምሳ ላይ ነው፣ ሊፍቶቹ ሥራ ይፈታሉ። ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳይከፍለው፣ ሁለቱንም ሊፍቶች በየሳምንቱ እያጠፋ ያበራ ነበር። ሰዉም ለመደው፤ የሰላቱ ጥሪ ሲሰማ «ካኒያፓን ሊያጠፋው ነው» እያለ ዕቃ ይዞ የሚሮጥ ነበር። እንግዲህ ያቺ በጎ ፈቃዱ ናት ዛሬ ግዴታ ተብላ አንገቱ ላይ የተጠመጠመችው።

ባለፈው አርብ ግን ታይፑሳም ዋለ። ካኒያፓን ገና ሳይነጋ በባዶ እግሩ፣ የወተት ማሰሮውን ራሱ ላይ ተሸክሞ ኮረብታው ላይ ወዳለው ቤተ መቅደስ ወጣ። ስእለቱ ለኮማላ ነበር፤ ዓምና በዴንጊ ትኩሳት ወድቃ ሐኪም ቤት በተኛችበት ጊዜ የተሳለው ነው። ቀትር ላይ እግሩ አብጦ ተመለሰ፤ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር የሊፍቶቹን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አውርዶ ሊወጣ ሲል አባቷ በር ላይ አስቆመው። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፣ ከማዘጋጃ ቤት የተጋበዘው ሰውዬ ገና ሊመጣ ነው። «ዛሬ ደግሞ ሊፍት ታጠፋለህ?» አለው። «ያንን የሚያህል ሰውዬ ዘጠኝ ፎቅ በእግሩ ላስወጣው? ተወው፣ ለዛሬ ቢቀር ምንም አይሆን።» ኮማላ በሙዝ ቅጠል ላይ ሩዝ እያቀረበች በጆሮዋ ሰምታለች። ካኒያፓን ቁልፉን መልሶ ሰቀለው። ቀኑን ሙሉ ሕንጻው ውስጥ የበዓል እንግዳ ሲወጣና ሲወርድ ዋለ፤ ሊፍቶቹ አንድ ደቂቃ አላረፉም። በማግስቱ ማዳም ኩ ገበያ ሄዱ።

እንግዲህ አባቷ በስልክ «አላደረገም» እያለ ሲጮህ ማን እንዳስቀረው ያውቃል። አጎቷም ያውቃል። ማን አጥፋው እንዳለውም ሁለቱም ያውቃሉ፤ ያ ከወጣ የኮማላ ሥራ ያበቃለታል፣ የቤቱ ኪራይም የሚከፈለው በእሷ ደመወዝ ነው። ስለዚህ አንዱ ወንድሙን ያባርራል፣ ሌላው ሸሚዝ ይተኩሳል፣ እሷ ደግሞ ሻይ ትጠጣለች። ይህን እያሰበች ነው አውቶቡስ ተሳፍራ ቢሮ የደረሰችው።

ቢሮው እንደወትሮው በረዶ ነው። ውጭ ሰው በላብ ይሟሟል፣ እዚያ ውስጥ ሁሉም ሹራብ ደርቦ ይሠራል። የአለቃዋ የሚስተር ቴኦ ጠረጴዛ ላይ በቀይ ላስቲክ የተጠቀለለ ትልቅ የስጦታ ቅርጫት ተቀምጧል፤ ብርቱካን፣ በጠርሙስ የታሸገ የዶሮ መረቅ፣ ብስኩት። የዋጋው ወረቀት አልተላጠም፣ መቶ ሃያ ስምንት ሪንጊት ይላል። ዛሬ ማታ ሕንጻቸው ድረስ ሄዶ ለነዋሪዎቹ ማብራሪያ እንደሚሰጥ፣ ቅርጫቱን ደግሞ ለማዳም ኩ ቤተሰብ እንደሚያደርስ ነገራት። በልተሻል ወይ ብሎም ጠየቃት፤ ሰውን ከማስፈራራቱ በፊት ሁልጊዜ በልተሻል ወይ ይላል።

ማስተካከያው ዛሬውኑ ይላክ አለችው። ሁለት መስመር ነው፤ ያቺን ተግባር በየፎቁ መጥራት ትተን ቁጥሩን ራሳችን ብንይዘው አለቀ። ሚስተር ቴኦ በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ዘጋና እንደ ሕፃን ያስረዳት ጀመር። ሁለት መስመር ማለት አዲስ ፕሮግራም ማለት ነው፣ አዲስ ፕሮግራም ማለት የሊፍት ደኅንነት ሰዎች ከሀ እስከ ፐ እንደገና ይፈትሹ ማለት ነው፣ ያ ደግሞ ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያ ማን ይገዛናል? ላይብረሪውን የሸጠላቸው አቅራቢም ቢሆን መሥፈርቱን ያሟላል የሚል የምስክር ወረቀት አለው። አሮጌው ዋጋ ያለበትን አድራሻ ይዞ የሚጠብቅ ሌላ የፕሮግራም ክፍል ሊኖር ስለሚችል መሥፈርቱ አይነሳ ይላል፤ ከመሥፈርት ጋር ልጣላልሽ ወይ አላት።

ኮማላ ያንን የመሥፈርቱን ገጽ ደጋግማ አንብባዋለች። እንደዚያ አይልም። የሚለው ተቃራኒውን ነው፤ አዲስ ዋጋ ከተሰጠ በኋላ የአሮጌውን አድራሻ የያዘ ማንም ቢሆን ሊጠፋበት እንደሚችል ይወቅ ይላል። ብርጭቆውን አንሱ ብሎ አያስገድድም፣ አታንሱ ብሎም አልከለከለም። አቅራቢው ያላነሳውን ብርጭቆ መሥፈርት ብሎ ሰየመው፣ እነሱም ገዙት። ይህንን ቃል በቃል ነገረችው።

«ያንን ወረቀት የሚያሰጠው ፈተና የሚጠይቀው መልሱ ትክክል ነው ወይ ብሎ ብቻ ነው» አለችው። «ስንት ሚሞሪ በላ ብሎ አይጠይቅም።»

«አየሽ» አለ ሚስተር ቴኦ ፈገግ ብሎ፣ «ካልተጠየቅን አልወደቅንም።»

ከዚያ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። አጎትሽ ሊፍቱን አርብ አርብ ያጠፋ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ አላት። ከድርጅቱ እንደዚያ የሚል መመሪያ ወጥቶ አያውቅም። ታዲያ ማን ነገረው?  መልስ የፈለገ ግን አይመስልም፤ የቅርጫቱን ላስቲክ እያስተካከለ ቀጠለ።

«ማን እንደነገረው እኔ ማወቅ አልፈልግም። ካወቅኩ ማባረር ሊኖርብኝ ነው። አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ፣ ቤተሰብም አለሽ። ዛሬ ማታ ቁጭ ብለሽ ሻይሽን ጠጪ።»

ቀኑን ሙሉ ማያዋ ላይ አፍጥጣ ዋለች፤ የጻፈችው አንድ መስመር የለም። በልቧ ቅርጫቱን መሬት ላይ ደጋግማ ፈጠፈጠችው። ሰውየው ክፉ መልክ እንኳ የለውም፣ ለሁሉ የልደት ኬክ የሚገዛው እሱ ነው። ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲዋሽ ግን አንዲት ጅማት አልተንቀሳቀሰችበትም።

አመሻሹ ላይ ስትመለስ አጎቷን ቤት አጣችውና ከበላይ ባለው የአሥረኛ ፎቅ ማረፊያ ላይ አገኘችው። በረኪናና የተቆረጠ ሎሚ ይዞ የዓሣውን ሽታ ከወለሉ ላይ ይፍቃል። ለመጨረሻ ጊዜ የሚያጸዳው ወለል መሆኑን እያወቀ ጥግ ጥጉን በብሩሽ ይገባበታል። እላዩ ላይ ቆመች።

«ቺታፓ፣ የነገርኩት እኔ ነኝ ብዬ ዛሬ ማታ እናገራለሁ።»

«ምኑን ነው የነገርሽኝ?» ቀና አላለም። «እኔ በራሴ ጭንቅላት ያገኘሁት ነው። ይሄ ጭንቅላት ፓፓያ ይመስላል እንጂ ያስባል።»

አልሳቀችም። አባቷን አፓ ትለዋለች፤ አፓ ተወው ሲልህ ሰምቻለሁ አለችው። ካኒያፓን ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ከተተና እጁን በሱሪው ጠረገ። ታላቅ ወንድሙን አና ይለዋል፤ አና ምንም አላለኝም አለ። ደግሞስ ቢለኝ፣ ሊቀመንበር ሆኖ ከዚህ ሁሉ ሰው ጋር የሚኖረው እሱ ነው፣ በሰው ፊት ላዋርደው ወይ? እኔ የትም ዘበኛ እሆናለሁ። በዚህ ዕድሜህ ማን ይቀጥርሃል ስትለው ሎሚውን አንስቶ ወለሉ ላይ ጨመቀው።

«ያን ወተት የተሸከምኩት ሥራሽን እንድታጪ አይደለም» አላት።

በእሱም ተናደደች። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ የተናደደችው በእሱ ነው። የዚህ ሰው ደግነት የሚመቸው ለሚበድሉት ብቻ ነበር፤ ወንድሙም ድርጅቱም ተራ በተራ ሲጫኑበት ትከሻውን ያመቻችላቸዋል። ወደ ቤት ወረደች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ወደ ስብሰባው ሄደች።

አዳራሹ ምድር ቤት ነው። ቀይ የላስቲክ ወንበሮች፣ ጣሪያው ላይ እየተንቋቋ የሚዞር ማራገቢያ፣ በር አጠገብ ድንችና ካሪ የተሞላ ሳምቡሳና ወተት የበዛበት ሻይ። አባቷ በነጩ ሸሚዝ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ አምሮበታል። የማዳም ኩ ልጅ አህ ሴንግ ከነሽርጡ ፊት ወንበር ላይ ነው። የኑድል መጥበሻ ጋሪውን ዘግቶ ነው የመጣው፣ የዘይት ጭስ ይሸታል፣ ከቅዳሜ ወዲህ እንቅልፍ እንዳላየ ዓይኑ ይናገራል። እናቱን ማን እንደዚያ እንዳደረጋቸው እንዲነግሩት ብቻ ነው የሚፈልገው። ካኒያፓን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ወንበር ነበር፣ አልተቀመጠም።

ሚስተር ቴኦ ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ የምስክር ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አሳየ። አሮጊቷ ስለደረሰባቸው ነገር ልቡ መሰበሩን ተናገረ። ሊፍቱ ግን ሁሉንም ፈተና አልፏል፣ ስርዓተ ክወናውም ላይብረሪውም መሥፈርቱን ሙሉ በሙሉ ያሟላሉ አለ። ሰዉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ያልገባውን ነገር በማኅተም ካሳዩት ራሱን የማይነቀንቅ ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ አባቷ ጉሮሮውን ጠረገና ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሙን አናገረው።

«ባለፈው አርብ ሊፍቶቹን አጥፍተህ አብርተሃል?»

«አላጠፋሁም።»

«ለምን?»

ካኒያፓን የወንድሙን ኮሌታ አየው፤ ጠዋት እየረጨ የተኮሰውን። «ረሳሁ» አለ።

ኮማላ ሳታስበው ተነሥታ ቆማ ነበር። 

«አልረሳም። ሊፍቱ በሳምንት አንዴ ካልጠፋ ሚሞሪው ሞልቶ እንደሚቆም ድርጅታችን ዓመት ሙሉ ያውቃል። ሚስተር ቴኦም ያውቃሉ። አርብ አርብ አጥፋው ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ባለፈው አርብ ቁልፉን ይዞ ሲወጣ ደግሞ ተወው ብለህ ያስቀረኸው አንተ ነህ፣ አፓ። እንግዳ ስለነበረህ።»

 አህ ሴንግ አንዴ እሷን፣ አንዴ አባቷን፣ አንዴ ባለ ቅርጫቱን ያያል። ሚስተር ቴኦ ፈገግታውን አላጠፋም። ወጣት ሠራተኛችን ናት፣ አጎቷ ነውና ልቧ ተነክቷል አለ። የግል አስተያየቷን እናከብራለን፤ ሊፍቱ ግን ማጥፋት ማብራት የሚባል ነገር አያስፈልገውም፣ ይሄንን በድርጅቱ ስም አረጋግጣለሁ አለ። አባቷ ቀና ብሎ አላያትም። «ቁጭ በይ፣ ልጄ። ቤት እንነጋገራለን» አለ ቀስ ብሎ፤ ያ የሚጮኸው ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። ከዚያ ካኒያፓን ይሰናበት የምትሉ እጅ አውጡ ተባለ። ሰዉ መሽቶበታል፣ ነገ ሥራ አለው፣ የሆነ ሰው መቀጣት አለበት። ካኒያፓን ቧንቧ የጠገነላቸው፣ ልጆቻቸውን ከዝናብ ያስገባላቸው ሰዎች ማራገቢያውን እያዩ እጃቸውን አወጡ። አህ ሴንግ አላወጣም። ካኒያፓን ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ቁልፉን ወንድሙ ፊት አስቀመጠ፣ ወደ ግድግዳውም ተመለሰ።

ስብሰባው ሲያበቃ ሚስተር ቴኦ ቅርጫቱን አቀፈ። አህ ሴንግ ሚስቱ ቤት እንዳለች ነግሮት ወደ ሊፍቱ መራው። ሰዉም ወደየቤቱ የሚወጣ ነውና ከኋላቸው ተግተለተለ። ሁለተኛው ሊፍት መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ የሊፍቱ የሴት ድምፅ በአራት ቋንቋ እንኳን ደህና መጣችሁ አለች። አህ ሴንግ ገባና በሩን በእጁ ያዘ። ሚስተር ቴኦ አንድ እግሩን አነሳ። እግሩን ግን ወደ ውስጥ አላስገባውም። ዞር ብሎ ካኒያፓንን በዓይኑ ፈለገው፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይሄኛው… ሰሞኑን ጠፍቶ በርቷል?»

ዝቅ ቢያደርገውም ያ መተላለፊያ ባዶ ሲሚንቶ ነው፣ የኋላው ሰው ሁሉ ሰማው። ካኒያፓን ወለሉን አየ። ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ ሊፍቱን እንዳይነካ ከቅዳሜ ጀምሮ ታዟል።

«ምን ይሠራልዎታል፣ ሚስተር ቴኦ?» አለች ኮማላ። «መሥፈርቱን ያሟላል።»

ሰውየው ጆሮው ድረስ ቀላ። ቅርጫቱን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረና ሐኪሙ እግርህን አፍታታ ብሎኛል፣ በደረጃ ልሂድ አለ፤ አለና ሄደ። አህ ሴንግ ከሊፍቱ ውስጥ ተስፈንጥሮ ወጣ። በሩ ባዶውን ተዘጋ፣ ያቺ ድምፅ ባዶውን ሊፍት አመሰገነች። እጅ ካወጡት አንድም ሰው የሊፍቱን መጥሪያ ሊጫን አልተጠጋም፤ ቆመው ደረጃውን ያዩ ነበር፣ የሰውየው ጫማ ወደ ላይ ሲያንኳኳ እየሰሙ።

አህ ሴንግ ወደ አዳራሹ ተመልሶ ገባ። አባቷ ከተቀመጠበት አልተነሣም ነበር። አህ ሴንግ ቁልፉን ከፊቱ አነሳና ወደ መተላለፊያው መጥቶ የካኒያፓን መዳፍ ውስጥ አስገባው፣ ጣቶቹንም አጠፈለት። ካኒያፓን ቁልፉን ለጥቂት ጊዜ አየው። ከዚያ ራሱ አዳራሹ ገብቶ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ በወንድሙ ነጭ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«አርብ ቀትር ላይ ነው፣ አና» አለው። «ሰላቱ ሲጠራ። አንተ ደግሞ እንዳትረሳ።»

አባቷ ኪሱን በእጁ ሸፈነ።  ኮማላ ልታዝንለት ፈለገች፣ አልቻለችም። የአጎቷን ክንድ ይዛ ደረጃውን አብራው መውጣት ጀመረች። አርብ ያበጠው እግሩ ገና አልዳነም፣ ስለዚህ ቀስ ብለው ይወጣሉ።

ሚስተር ቴኦን ስድስተኛ ፎቅ ማረፊያ ላይ ደረሱበት። ደረጃው ላይ ተቀምጧል፣ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል፣ ቅርጫቱ ጉልበቱ መሃል ነው። ኮማላን አየና ነገ ጠዋት ቢሮዬ ትመጫለሽ አላት። ከዚያ ወደ ካኒያፓን ዞሮ ቅርጫቱን ዘረጋለት። «ካኒያፓን፣ እባክህ፣ እስከ ላይ ያዝልኝ» አለ።

የካኒያፓን እጅ ከልማዱ ተዘረጋ። ኮማላ የእጁን አንጓ ያዘችው።

«ተወው፣ ቺታፓ» አለችው። «ከዛሬ ጀምሮ ሥራህ አይደለም።»